ከመፈረም በፊት ማንበብ፦ የተያዘ ሰው መብትና የወንጀል ሕጋችን ለውጥ



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሕግ ነው። የወንጀል ሕግ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወህኒ ቤትን ነው። «እኔ ሌባ አይደለሁ፣ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁ፤ ሕጉን ማወቅ ምን ያደርግልኛል?» የሚልም አለ። ነገር ግን የወንጀል ሕግ ለወንጀለኛ ብቻ አልተጻፈም። ሳያጠፋ ለሚጠረጠር ሰውም ተጽፏል። ሳያጠፋ የሚጠረጠር ሰው ደግሞ ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ለትምህርታችን እንዲያመች አንድ ምሳሌ እናብጅ። ሎጊያ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀንም ሌትም ከባድ መኪና አይጠፋባትም። አንድ የዱብቲ ገበሬ ፍየል ሊሸጥ ሎጊያ መጥቶ አደረ እንበል። በዚያ ሌሊት ከቆመ መኪና ላይ ዕቃ ተሰረቀ። ፖሊስ ገበሬውን በአካባቢው አገኘውና ያዘው። ጣቢያ ወስዶ ጠየቀው። መልሱ በወረቀት ላይ ተጻፈ። በመጨረሻም «ፈርም» ተባለ። ገበሬው ማንበብ አይችልም። አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ አተመ። ወራት አልፈው ወረቀቱ ዳኛ ፊት ሲነበብ «ኧረ እኔ ይህን አላልኩም!» አለ። «አሻራህ ይኸውና» ተባለ።

ይህ ሰው ምን መብት ነበረው? መብቱን ማን ሰጠው? በእጁ ሳለ ለምን አልተጠቀመበትም? እነዚህን 3 ጥያቄዎች ይዘን እንሂድ። ከታች የተጻፉት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ክፍል 1፦ ድሮ እንዴት ይዳኝ ነበር?

በደጋው አገር በጥንት ጊዜ ሌባ የሚፈለግበት መንገድ ሌላ ነበር። ሌባሻይ የሚባል ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት «ሌባው እሱ ነው» ይባላል። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ። ቁራኛ የሚባልም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ታስረው ዳኛ እስኪገኝ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። አውጫጭኝ ደግሞ አለ። ሌባው ካልታወቀ የአገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ሥራው አይሄድም።

ልብ በሉ! በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የጠፋ አንድ ነገር አለ። «ይህ ሰው ራሱ ምን አደረገ? በምን ይታወቃል?» ብሎ በማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ሌባሻይና ቁራኛ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ቀርተዋል። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ዣን ግራቨን የተባሉት የስዊስ የሕግ ሊቅ ያረቀቁት ሌላ ሕግ ተተካ። በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ታወጀ። ሁለቱ ሕጎች ይለያያሉ። መቅጫው ሕግ «ወንጀል ምንድን ነው? ቅጣቱስ?» የሚለውን ይናገራል። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ «ሰው እንዴት ይያዛል? እንዴት ይጠየቃል? እንዴት ይፈረድበታል?» የሚለውን ይናገራል። የምሳሌያችን ገበሬ የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ነው።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። «የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ» የሚለው ቃል የዛሬ ወይም የትናንት አይደለም። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ተጽፎ ነበር። ታዲያ ስንት ገበሬ ያውቀው ነበር? ስንት አርብቶ አደር አነበበው? በዚያን ጊዜ ይህ የአውሳ አገር በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ደሴ ናት። ከአውሳ ቆላ ተነስቶ፣ ሚሌንና ባቲን አልፎ፣ የደሴን ደጋ ወጥቶ «አቤት» ለማለት ስንቅም ቋንቋም ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። መብቱ በወረቀት ላይ ቢኖርም ገበሬው እጅ አልደረሰም።

ክፍል 2፦ ገበሬው ዳኛ የሆነበት ዘመን

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ፣ በአዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። ማኅበራቱም የራሳቸው ፍርድ ሸንጎ ኖራቸው። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 71 የሸንጎው ሥልጣን ሰፋ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ጭሰኛው በባለ ርስቱ ፊት ቆሞ ይለምን የነበረበት ቦታ ላይ፣ ገበሬው ራሱ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። ዳኛው ጎረቤት ነው። ቋንቋው አንድ ነው። ለመክሰስ ደሴ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ነገር ግን የአንድ ዘመን መልካም ጎኑ ብቻ አይነገርም። በላይ በኩል ምን ተደረገ? ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተገደሉ። በዚያው ወር ልዩ የጦር ፍርድ ቤትና ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ብዙ ወጣት ያለ ክስና ያለ ፍርድ ተገደለ። ብዙው ታሰረ፣ ተገረፈ። 48 ሰዓት የሚቆጥር አልነበረም። ቢኖርም የሚሰማው አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ዳኛው ከእኛ ወገን መሆኑ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ዳኛውንም የሚያስር ሕግ ያስፈልጋል። ሸንጎ የሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ «ይቀጣ!» ቢል እንኳ፣ ያ አንድ ሰው «ማስረጃው የት አለ? እኔስ ልናገር» የማለት መብት አለው። የግለሰብ መብት ማለት ይህ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ሰው ላይ ሲነሣ፣ ያንን አንድ ሰው የሚጠብቀው ሕጉ ነው።

በኋላ የደርግ ባለሥልጣናት ራሳቸው ተከሰሱ። ችሎቱ በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ተባሉ። ጊዜው ረጅም ነው፤ 12 ዓመት ፈጀ። በዚያ ክርክር ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አቆመላቸው። አስቡት! ለሌላው ዳኛ የከለከሉ ሰዎች ዳኛም ጠበቃም አገኙ። ለጠላታችን ጭምር ካልሠራ፣ ለእኛም አይሠራም።

ክፍል 3፦ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ምን ሰጠ?

አሁን ወደ ሎጊያው ገበሬ እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 17 እስከ አንቀጽ 21 ድረስ ስለ ተያዘ፣ ስለ ተከሰሰና ስለ ታሰረ ሰው ይናገራል። ገበሬው የተያዘው ማክሰኞ ጠዋት በ4 ሰዓት ነው እንበል።

አንደኛ፦ ለምን እንደ ተያዘ ወዲያው ይነገረዋል። በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። አማርኛ የማይሰማ ከሆነ በአማርኛ ቢነገረው እንዳልተነገረው ይቆጠራል።

ሁለተኛ፦ ዝም የማለት መብት አለው። ይህንንም ፖሊሱ ሊነግረው ይገባል። የሚናገረው ነገር በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም ይነገረዋል። «ዝም ያለ ጥፋተኛ ነው» የሚል ሕግ የለም።

ሦስተኛ፦ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ማክሰኞ ጠዋት በ4 ሰዓት ከተያዘ፣ ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ሳያልፍ ማለት ነው። ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ግን በ48ቱ ውስጥ አይቆጠርም። ራቅ ካለ በረሃ የተያዘ ሰው ይህን ይወቅ። ሎጊያና ሰመራ ግን ጎረቤት ከተሞች ናቸው። እዚያ «መንገዱ ረዝሞብን ነው» የሚባል ነገር የለም።

አራተኛ፦ በ48 ሰዓት ካልቀረበ፣ «አካሌን ነፃ አውጡልኝ» ብሎ ለፍርድ ቤት የማመልከት መብት አለው። ይህን መብት ማንም ሊነጥቀው አይችልም ይላል ሕጉ። እሱ ታስሮ መጻፍ ካልቻለ ሌላ ሰው ሊያመለክትለት ይችላል።

አምስተኛ፦ በግድ እንዲያምን አይደረግም። ተደብድቦ ወይም ተገድዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንም።

ስድስተኛ፦ በዋስ የመውጣት መብት አለው። ፍርድ ቤቱ ዋስትና የሚከለክለው ሕግ በለያቸው ምክንያቶች ነው። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ዋስትናን የከለከለው በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ፣ እንዲሁም ተጎጂው ሊሞት በሚችልበት ወንጀል ነበር።

ሰባተኛ፦ እስኪፈረድበት ድረስ ጥፋተኛ አይባልም። ክሱ በጽሑፍ ይሰጠዋል። የቀረበበትን ማስረጃ ያያል፣ ምስክሩን ይጠይቃል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። የችሎቱ ቋንቋ ካልገባው አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ ይቀርብለታል። ፍርዱ ካላረካው ይግባኝ ይላል።

ስምንተኛ፦ ታስሮ ሳለ ሚስቱ፣ ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጠይቁት ይችላሉ።

ቤቱ ሊፈተሽ ቢሆንስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው ቤት ከመበርበር የተጠበቀ ነው ይላል። የ1954ቱ ሕግ የብርበራ ማዘዣ ከፍርድ ቤት እንዲወጣ አዘዘ። ፍርድ ቤቱ በተለይ ካላዘዘ በቀር ብርበራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደረግ አለ። ማንበብ የቻለ ሰው እንግዲህ ማዘዣውን ይቀበልና ያያል። የማን ስም ነው ያለበት? የማን ማኅተም ነው ያረፈበት? የሚፈለገው ዕቃስ ምንድን ነው?

ክፍል 4፦ ጎሳውና ሰውየው

በአፋር አገር ከመንግሥት ሕግ በፊት የነበረ፣ ዛሬም ያለ ሕግ አለ። ማድዓ ነው። ነገሩ በጎሳ ሽማግሌዎች ፊት ይታያል። ሁለቱም ወገን ይሰማል። ጥፋቱ ተመዝኖ ካሣ ይቆረጣል። ካሣውን የሚከፍለው አጥፊው ብቻ አይደለም። ጎሳው ያዋጣል። የሚቀበለውም የተበዳዩ ጎሳ ነው።

ይህ ሥርዓት ትልቅ ሥራ ይሠራል። ደም እንዳይመላለስ ያደርጋል። አንድ ሰው ቢገደል ሌላ አሥር እንዳይገደል ይከለክላል። የመንግሥት ፍርድ ቤት ገዳዩን 15 ዓመት ቢያስረው፣ የሟች ወገን ልብ ላይበርድ ይችላል። ሽማግሌ ግን ሁለቱን ጎሳ ያስታርቃል። ስለዚህ «ማድዓ ኋላ ቀር ነው፣ ይጥፋ» የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት።

ሆኖም ሁለቱ ሕጎች የሚለያዩበትን ቦታ ማወቅ ይገባል። ማድዓ የሚያየው ሁለት ጎሳ ነው። የወንጀል ሕጉ የሚያየው አንድ ሰው ነው። በወንጀል ሕጉ ማንም ሰው የሚቀጣው ራሱ ላደረገው ብቻ ነው። ወንድም ስለ ወንድሙ አይታሰርም። ተጠርጣሪው ቢጠፋና «እሱ እስኪመጣ አባቱን እንያዝ» ቢባል፣ ይህ ሕግን መጣስ ነው። ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላ ሕፃንም በወንጀል አይጠየቅም።

ሽማግሌ ቢያስታርቅ የመንግሥት ክስ ይቀራል ወይ? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቃል። በተበዳዩ የግል አቤቱታ ብቻ የሚከሰሱ ቀላል ወንጀሎች አሉ። በእነዚህ ተበዳዩ ከታረቀ ነገሩ ሊያበቃ ይችላል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም ለዕርቅ በር ከፍቷል። ነፍስ ማጥፋትንና አስገድዶ መድፈርን የመሰሉ ከባድ ወንጀሎች ግን ዐቃቤ ሕግ የሚከሳቸው ናቸው። ካሣ ቢከፈልም ክሱ በራሱ አይቀርም።

አሁን የሚከብደውን ጥያቄ እናንሣ። የተበደለችው ሴት ብትሆንስ? በጠለፋ ነገር ሁለት ጎሳ ሲታረቅ ካሣው ለወገኖቿ ይከፈላል። እሷን ማን ጠየቃት? በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግም ቢሆን ይህን ቀዳዳ ትቶት ነበር። ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የበደላት ሰው ባሏ ሆኖ፣ ወንጀሉም በሠርግ ተሸፍኖ ቀረ ማለት ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ይህን ዘጋው። ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በኋላ ጋብቻ ቢፈጸምም ጠላፊው ከክስ አይድንም።

ያው ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትንም ወንጀል አድርጎታል። መግረዝ ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ያስቀጣል። ብልትን መስፋት ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ያለ ዕድሜ ጋብቻም ያስቀጣል፤ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ እስከ 7 ዓመት ይደርሳል። ይህ ሕግ ሲወጣ «ባህላችንን ነካ» ያሉ ነበሩ። ሴት ልጅ ግን የጎሳው አካል ከመሆኗ ጋር ራሷን የቻለች ሰው ናት። አካሏ የራሷ ነው። ለሎጊያው ገበሬ «ያላደረገውን በግድ እመን አትበሉት» የሚለው ሕግና ለልጅቱ «ያልፈቀደችውን አታድርጉባት» የሚለው ሕግ፣ ሥራቸው አንድ ነው። አንዱን ወድዶ ሌላውን መጥላት አይቻልም።

ክፍል 5፦ ሕጉ የሚላላበት ቦታ

የሕጉን መልካምነት ብቻ ነግሬአችሁ ብሄድ ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። ቀዳዳዎቹን ደግሞ እንይ።

አንደኛው ቀዳዳ ጊዜ ቀጠሮ ነው። ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ቀረበ እንበል። ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ ጊዜ ይሰጠኝ» ሊል ይችላል። በ1954ቱ ሕግ ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም። ነገር ግን ስንት ጊዜ 14 ቀን እንደሚሰጥ ሕጉ አልወሰነም። አንድ 14፣ ሁለት 14፣ ሦስት 14 እየተባለ ሰው ክስ ሳይመሠረትበት ወራት ሊቆይ ይችላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት ሕግ ደግሞ ይህን ወደ 28 ቀን፣ በድምሩም እስከ 4 ወር አሳድጎት ነበር። ያ ሕግ በ2012 ዓ.ም. ተሽሮ በሌላ ተተካ። ታዲያ የተያዘው ሰው ቀጠሮ በተጠየቀ ቁጥር ዝም ማለት የለበትም። «ባለፈው 14 ቀን ምን ተሠራ? ስንት ምስክር ተሰማ?» ብሎ ዳኛውን እንዲያስጠይቅለት ይችላል።

ሁለተኛው ቀዳዳ የተዘጋ ክፍል ነው። ምርመራ የሚደረገው ሰው በማያይበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ የነበረው ማዕከላዊ ምርመራ በእስረኛ ላይ በሚፈጸም ግፍ ስሙ የታወቀ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በእስረኞች ላይ ግርፋትና ሥቃይ ይፈጸም እንደ ነበረ ለሕዝብ በይፋ ተናገሩ። ግርፋትን የሚከለክለው ሕገ መንግሥት ከወጣ ግን 20 ዓመት አልፎት ነበር።

ሦስተኛው ቀዳዳ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ይህ ለእኛ ለአዋሽ ሸለቆ ሰዎች ሩቅ ነገር አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ምክንያት አዋጅ ታወጀ። ለ6 ወር ነበር፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለ4 ወር ተራዘመ። በዚያ አዋጅ ጊዜ ከአዲስ አበባ የተያዙ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ወደ አዋሽ አርባ የጦር ካምፕ ተወስደው ታስረዋል። ከቤተሰባቸውም ከጠበቃቸውም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በበረሃው ሙቀት ከረሙ። ወራት የቆዩ፣ ፍርድ ቤትም ያልቀረቡ ነበሩ።

48 ሰዓቱ የት ሄደ? መልሱ በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ውስጥ አለ። በአስቸኳይ ጊዜ መንግሥት አንዳንድ መብቶችን ለጊዜው ሊያግድ ይችላል። የማይነኩ ተብለው የተለዩት አንቀጽ 1፣ አንቀጽ 18፣ አንቀጽ 25፣ እንዲሁም የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 ናቸው። አንቀጽ 18 ሰውን ማሠቃየት የሚከለክለው ነው። ስለዚህ አዋጅ ቢታወጅም ማንንም መግረፍ አይፈቀድም። 48 ሰዓቱን የያዘው አንቀጽ 19 ግን ከማይነኩት ዝርዝር ውስጥ የለም። ቀዳዳው እዚህ ላይ ነው።

ያው አንቀጽ 93 አንድ መጠበቂያ አስቀምጧል። 7 አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል። ቦርዱ በአዋጁ የታሰሩ ሰዎችን ስም በ1 ወር ጊዜ ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት፤ የታሰሩበትንም ምክንያት ይገልጻል። ዘመዱ የታሰረበት ሰው «ስሙ የት አለ?» ብሎ የመጠየቅ መሠረት አለው ማለት ነው። የተጻፈ ስም ለማግኘት ደግሞ የሚያነብ ዓይን ያስፈልጋል።

ክፍል 6፦ እኛ ምን እናድርግ?

እስካሁን ያየነው አንድ ነገር ያስተምረናል። 48 ሰዓት በ1948 ዓ.ም. ተጽፎ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ተጽፎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. እንደገና ተጻፈ። ሕጉ 3 ጊዜ ሲጻፍ ሰው ሳይቀርብ የቀረው በሕግ እጦት ብቻ አይደለም። የሚቆጥር፣ የሚያነብና የሚጠይቅ ሰው በመጥፋቱም ጭምር ነው። ፊደል የቆጠረ ገበሬ ግን ከዚህ በኋላ የሚከተለውን ማድረግ ይችላል።

1ኛ. ዘመድ ወይም ጎረቤት ሲያዝ ቀኑንና ሰዓቱን ወዲያው ጻፉ። የያዘውን ክፍልና የተወሰደበትን ጣቢያም ጻፉ። ወረቀት ከሌለ በግድግዳ ላይ በከሰል ጻፉ።

2ኛ. ያላነበባችሁትን ወረቀት አትፈርሙ። ማንበብ ካቃታችሁ «ይነበብልኝ» በሉ። ቋንቋው ካልገባችሁ «በአፋርኛ ይተርጎምልኝ» በሉ። ያልተናገራችሁት ነገር ካለበት «ይህ ይስተካከል» በሉ። ባዶ ወረቀት ላይ ወይም ባዶ መስመር ባለበት ገጽ ላይ ፈጽሞ አትፈርሙ።

3ኛ. ፖሊሱን አትሳደቡ፣ አትታገሉ። መብትን የሚያስከብረው ጉልበት አይደለም። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ዱላ ያነሣ እጅ ይወርድ ነበር። ዛሬም በእርጋታ «አንቀጽ 19» ማለትን ልመዱ።

4ኛ. ዳኛ ፊት ስትቀርቡ ዳኛው እስኪጠይቅ አትጠብቁ። ከ48 ሰዓት በላይ ከቆያችሁ፣ ከተደበደባችሁ ወይም ጠበቃ ከሌላችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። የተናገራችሁት በመዝገቡ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ።

5ኛ. ይህን የጻፍኩላችሁ ዘማች ተማሪ ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም። እውነተኛ ጉዳይ ሲያጋጥማችሁ የፍርድ ቤቱን ተከላካይ ጠበቃ ወይም ሌላ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

የጽሕፈት ልምምድ

ከዚህ በታች ያለውን አቤቱታ በደብተራችሁ ገልብጡ። ባዶውን ቦታ ለልምምድ በፈጠራችሁት ስም ሙሉ። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚቀበል የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይነግራችኋል።

ቀን ..............
ለ .............. ፍርድ ቤት
አመልካች፦ ..............
ጉዳዩ፦ አካልን ነፃ ለማውጣት የቀረበ አቤቱታ

ወንድሜ .............. በ .............. ቀን በ .............. ሰዓት ተይዟል። የያዘው .............. ነው። የሚገኘው በ .............. ነው። እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት አልቀረበም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ስለዚህ ሰውየው እንዲቀርብ፣ የተያዘውም ከሕግ ውጭ ከሆነ እንዲለቀቅ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝልኝ አመለክታለሁ። ይህን የሚያውቁ ምስክሮች .............. ናቸው። ያልኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በቃለ መሐላ አረጋግጣለሁ።
ፊርማ ..............

የቃላት ፍቺ

ተጠርጣሪ፦ ወንጀል ሠርቷል ተብሎ የሚታሰብ፣ ገና ያልተፈረደበት ሰው።
ዐቃቤ ሕግ፦ በመንግሥት ስም ከሶ የሚከራከር የሕግ ባለሙያ።
ዋስትና፦ «ስፈለግ እቀርባለሁ» ብሎ ዋስ ወይም ገንዘብ አስይዞ መውጣት።
ጊዜ ቀጠሮ፦ ምርመራ እስኪያልቅ ፖሊስ ተጠርጣሪውን ይዞ እንዲቆይ ዳኛ የሚፈቅደው ቀን።
ቃለ መሐላ፦ እውነት መሆኑን በመሐላ የሚያረጋግጡበት ቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ሰው ዓርብ ከቀኑ በ9 ሰዓት ሎጊያ ውስጥ ቢያዝ፣ 48 ሰዓቱ የሚሞላው መቼ ነው? ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ።
2. ተጠርጣሪው ቢጠፋ አባቱን ማሰር ይቻላል? መልሳችሁን በምክንያት አስረዱ።
3. ሽማግሌ ያስታረቀውና ዐቃቤ ሕግ የከሰሰው አንድ ጉዳይ በአካባቢያችሁ ቢገጥማችሁ፣ ማድዓ የሚሠራው የትኛውን ሥራ ነው? ፍርድ ቤቱስ? ሴቶች ባሉበት ተወያዩ፤ መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ።
4. የሎጊያው ገበሬ ማንበብ ቢችል ኖሮ፣ «ፈርም» በተባለ ጊዜ ምን ይል ነበር? የሚለውን በ3 ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ በሚቀጥለው ትምህርት አምጡ።